ሳላነብ ያሳለፍኩት የቅቤ ወሬ

በሕይወቴ ብዙ ማመልከቻ፣ ብዙ ክስ፣ ብዙ የመከላከያ መልስ ጽፌአለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንብቦ በቃሉ የያዘልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «በዚህ ግሩፕ ላይ ለሚወጣ ማንኛውም ጽሑፍ ተጠያቂው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ ግሩፑም ሆነ አስተዳዳሪዎቹ ኃላፊነት አይወስዱም።» ይህችን የጻፍኩ ዕለት ራሴን እንደ ትልቅ የሕግ ሊቅ ቆጥሬ፣ የምሠራበት ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ የዳሞታን ተራራ ሽቅብ እያየሁ አንድ ሙሉ ለስላሳ ጠጥቻለሁ። ዛሬ ሳስታውሰው ያን ለስላሳ ባልጠጣሁት እላለሁ።

ግንባሩ አገር የሚገዛበት ዘመን ወደ ማብቂያው ነበር። ዲግሪ ይዘን ኮብልስቶን ጥረቡ የምንባልበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በአንድ ለአምስት የሚጠብቅበት ጊዜ። እኔ በሕግ ተመርቄ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሥራ ፈትቼ ስዞር አንድ ሰውዬ አነሳኝ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈትና ኢንተርኔት አንድ ላይ የያዘ ሱቅ ነበረው። ማመልከቻ እጽፍለታለሁ፣ እሱ ደግሞ ከኃላፊዎች ጋር አስተዋውቆ ሥራ ያስገባኛል፤ ስምምነታችን ይህ ነበር። ሰውዬው ሁለት ስልክ ይይዛል፣ በሙቀት ኮት አይለየውም፣ መነጽሩን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። ዓይኑ ላይ አድርጎት ግን አንድም ቀን አላየሁም።

ይህ ሰው ነው በማኅበራዊ ሚዲያ የከተማውን ግሩፕ የከፈተው። መጀመሪያ የሚወጣበት የሠርግ ፎቶ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የሚከራይ ቤትና የለቅሶ መልእክት ነበር። ይህን ማን ያነባል? ሰው የመጣው ሐሜት ሲጀመር ነው። ሐሜት ሲመጣ የከተማው ግማሽ ገባ፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ከገባው ይሰማ ነበር። የሚላከው ጽሑፍ ሁሉ ግን በቀጥታ አይወጣም። መጀመሪያ ወደ እኛ ይመጣና አፕሩቭ የምትለዋ ቁልፍ እስክትነካ ይጠብቃል። ቁልፏን መንካት የእኔ ሥራ ነበር።

በዚያው ሰሞን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ወጣ ተባለ። ሰውዬው ደነገጠ። አንተ የሕግ ሰው አይደለህ፣ አንብበህ ንገረኝ አለኝ። አነበብኩ። የሌላውን ሰው ጽሑፍ የሚያስተናግድ ሁሉ ዝም ብሎ አይጠየቅም፣ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ሳያነሳ ሲቀር ግን ይጠየቃል ብዬ አስረዳሁት። ኮቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተቀመጠና «እያወቀ» ነው ወይ የሚለው ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ካላወቀስ አለኝ። ይኼኔ ነው እንግዲህ ምሁሩ አፌን የከፈትኩት። «ካላነበብንማ አናውቅም፤ ካላወቅን ምን እንጠየቃለን? እኛ ሰሌዳ ነን። ሰሌዳ የተለጠፈበትን አያነብም» አልኩ።

ወይ መማር! ሕጉ ሰውን ተጠንቀቅ ብሎ ቢጽፍ እኔ ዓይንህን ጨፍን ብዬ ተረጎምኩት። ሰውዬው በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም የተመሰገንኩ መስሎኝ ኮራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣውን ጽሑፍ ሳላነብ፣ አሥሩንም ሃያውንም በአንድ ላይ አሳልፍ ጀመር። ዓረፍተ ነገሬንም ሰፋ ባለ ፊደል አትመን፣ ላሚኔት አድርገን፣ ግድግዳው ላይ ሰቀልናት።

ይህ ዕውርነታችን ታዲያ መርጦ ነበር የሚሠራው። ዞን፣ ወረዳ፣ ካቢኔ፣ መሬት የሚሉ ቃላትን ዓይኔ ከምስር ውስጥ ድንጋይ እንደሚለቅም ሰው እየፈለገ ያወጣቸው ነበር። ካመለጠኝም ለሰውዬው ከቢሮ ስልክ ይደወልለታል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው የአንድ ኃላፊ አጥር መንገዱን እንደበላው ጽፎ፣ ፎቶም ጨምሮ ላከ። ሳላየው አለፈ። ሰውዬው «አቤት ጌታዬ! አቤት ጌታዬ!» እያለ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ነበር ስልኩን ያነጋገረው። ያዘዘው ሻይ ሳይበርድ ጽሑፉ ጠፋ፤ የጻፈውም ሰው ከግሩፑ ተባረረ።

ሌላው ሰው ሲመጣ ግን ሰሌዳ ነን። አንዲት የመዘምራን አባል ጸያፍ ነገር ተጽፎባት ከእናቷ ጋር መጣች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እስኪጣራ ብለው ከአገልግሎት አግደዋት ነበር። እናትየው እባካችሁ አንሱልን ብላ ለመነች። ሰውዬው በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆማት፤ ማንበብ ስለማትችል ልጅቷ እያለቀሰች አነበበችላት። እኔ አንገቴን ደፍቼ የአንድ ሰው የመሬት ክርክር እጽፍ ነበር። ቀና ብዬ እንኳን አላየኋቸውም። ጽሑፉ ሦስት ሳምንት ከረመ።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። የአባቴ እኅት ናት። አባቴ ሲሞት ከጉኑኖ አምጥታ ሶዶ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በወላይትኛ «አዬ» ነው የምላት፤ እናት ማለት ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ፈርሚ ሲሏት አውራ ጣቷን ነው የምታቀርበው። ሥራዋ ቅቤ ነው። ከጉኑኖ በኩል በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣላትን ቅቤ ተቀብላ፣ ቅቤ ተራ መግቢያው ላይ ተቀምጣ ትሸጣለች። ቅቤ የሚገዛ ሰው ያሸታል፣ በጥፍሩ ቆንጥሮ እጁ ጀርባ ላይ ያሻል፣ ይጠራጠራል። ከእሷ የሚገዛው ግን አያሸትም። «ለእኔ የምታውቂውን አድርጊልኝ» ብሎ ዘንቢሉን ያስቀምጥና ሌላ ሌላውን ሊገዛ ይሄዳል። የአክስቴ ሀብት ይህ አለማሽተት ነበር።

ጓሮዋ ደግሞ አንድ ላም አለቻት። ለላሟ ከጁስ ቤት የሙዝ ልጣጭ በጆንያ ታመጣለች። ይህን ጆንያ ከሰባተኛ ክፍል እስከ አሥረኛ ክፍል በጀርባዬ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ውኃው እየተንጠባጠበ ሸሚዜን ያበላሽብኝ ነበር። ከእኔ በኋላ ራሷ ትሸከመው ጀመር። በሶዶ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ግሩፑ ውስጥ ያለው ግን ጎረቤት አይደለማ።

ጊፋታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስቀልም በዚያው ሰሞን ነውና ቅቤ ተራ ውስጥ መቆሚያ ይጠፋል። አክስቴ በእነዚያ ቀናት ከገዢ ብዛት ምሳ አትበላም ነበር። በገበያው ቀን ላግዛት ብዬ ስሄድ ግን ቁጭ ብላ አገኘኋት። ቅቤዋ በኮባው ላይ እንዳለ ነው። ለሰፈሩ ወንጌላዊ ቤት የምትገዛ፣ ዓመት ሙሉ ደንበኛዋ የሆነች ሴትዮ መጣች። ጎንበስ አለች። አሸተተች። በጥፍሯ ቆንጥራ አሸች። ደግማ አሸተተችና ዛሬስ ይቅርብኝ ብላ ሄደች። አክስቴ ሴትዮዋ የቆነጠረችበትን ቦታ በጣቷ ደፍና አስተካከለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በወላይትኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስልክ ውስጥ አለሽ ይሉኛል አለችኝ፤ አንተ ታውቃለህና እስቲ ፈልግልኝ አለች።

ከፈትኩት። አክስቴ ከጀርባዋ፣ ጆንያ ተሸክማ፣ ከጁስ ቤቱ በር ስትወጣ ትታያለች። ከሥሩ «ቅቤ ተራ መግቢያ ላይ የምትቀመጠዋ ረጅሟ ሴትዮ ቅቤዋን በምን እንደምታበዛው ተመልከቱ፤ ሙዝ በጆንያ!» ይላል። ከዚያ በታች የሰው ሳቅ፣ የሰው እርግማን፣ እኔም ገዝቼ አሞኛል የሚል የሰው ውሸት ተደርድሯል። ከላይ ደግሞ «በአስተዳዳሪ ጸድቋል» ይላል። ቀኑን አየሁ፤ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሃያ ያህሉን በአንድ ላይ አሳልፌ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ተንጠራርቼ የተቀመጥኩበት ቀን ነው። ያን ጆንያ አንዴ ብቻ ባየው ኖሮ ሽታው ሳይቀር ይመጣብኝ ነበር።

ማን ነው የጻፈው አለችኝ። ስም የለውም፣ ምስሉ ጽጌረዳ አበባ ነው አልኳት። ይህ እውነት ነው። ያሳለፈው ማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም። አንዲት ቁልፍ ነክቶ ማጥፋት በእጄ ነበር፤ ስልኩን ኪሴ ከተትኩትና ልጠይቅልሽ አልኳት። ለካስ ሰው ከጠላቱ ይልቅ ራሱን የሚንቅበት ቀን አለ።

ሱቅ ሄጄ ለሰውዬው ነገርኩት። አሳዳጊዬ ናት፣ ልጣጩ ለላም ነው፣ እናንሳው አልኩት። ሰውዬው ሰማኝ፣ አዘነልኝም፤ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ የራሴን ዓረፍተ ነገር መልሶ አነበነበልኝ። አንድ ጊዜ ካነሳን አንብበናል ማለት ነው፣ ካነበብን አውቀናል ማለት ነው፣ ካወቅን ለሁሉም ልንጠየቅ ነው፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም ወይ አለኝ። ቀጥሎም የሥራ ነገርህን ትናንት ለኃላፊው አንስቼበት ነበር ብሎ ጣል አደረገ። አጠፋለሁ ብል እንደማያስተዋውቀኝ ገባኝ። አላጠፋሁትም። ዲግሪ ይዤ ለዲግሪዬ ያበቃችኝን ሴት በሥራ ተስፋ ሸጥኳት፤ ሥራውም ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

ደግሞ አስመሳይነቴ! በማግስቱ አቤቱታ ጻፍኩላትና ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደሚባለው ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ባለሙያው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ተከሳሹን በሙሉ ስም፣ በቀበሌና በቤት ቁጥር አቅርቡ አለን። አበባ መሆኑን ብነግረው ተናደደ። ሰሌዳው ባለቤት እንዳለው ቢነገረው እንኳን ማንን ሊከስ ይችላል? ጠበቃ ነኝ ባይ እኔ ራሴ ነኝ አጥሩን ያጠርኩት። አክስቴ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ያ ወሬ የሚለጠፍበት ቤት የት ነው አለች፤ እኔ የምሠራበት ሱቅ ነው አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ሱቁ ድረስ መጣች። የልጣጩን ጆንያ እንደተሸከመች ነው፤ በሩ ላይ አውርዳ አቆመችው። እኔ እዚያ እንደምሠራ ታውቃለች፤ እዚያ ምን እንደምሠራ ግን አታውቅም። ለሰውዬው በገበያ አማርኛዋ ሰላምታ ሰጠችና፣ ይሄ ሰሌዳ የማን ናት ብላ ጠየቀችው። ፈገግ አለ፤ አማርኛዋ አሳቀው። እማማ፣ እኛ ሰሌዳ ብቻ ነን፣ የጻፈውን ይፈልጉ አላት። ልጣጩን እያሳየች ስታስረዳው ስልኩ ጮኸ። ከቢሮ ነው። ሰውዬው ዱብ ብሎ ተነሳ። አቤት ጌታዬ፣ አሁኑኑ ጌታዬ እያለ በሌላው ስልኩ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና ጠፍቷል ጌታዬ አለ። ሁሉንም አየች። ጆንያዋን እያነሳች እንዲህ አለችው።

«ለዚያ ሰውዬ እጅ አለህ። ለእኔ ግን እጅ የለህም።»

ሰውዬው ከሄደች በኋላ ሳቀባት። እኔም ፈገግ አልኩለት። እሱን ፈገግታ እስከ ዛሬ ከፊቴ ላይ ማጠብ አልቻልኩም።

በወላይታ ቂም ይዞ ወደ ጊፋታ መሻገር ነውር ነው። የተጣላ ይታረቃል፣ የበደለ ይናገራል፣ አዲሱ ዓመት በንጹሕ ሆድ ይገባል። አክስቴ ሕጉን ሞክራ ስላቃታት ሽማግሌዎች ሰበሰበች። አምስት ሽማግሌዎች ጓሮዋ፣ አቮካዶ ዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ ላሟ ከኋላቸው ልጣጯን ታኝካለች። ሰውዬውም መጣ። የሽማግሌ ጥሪ ንቆ ሶዶ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ መኖር እንደማይቻል ያውቃል። ኮቱን ለብሷል። ዓረፍተ ነገሬን በወረቀት አትሞ ይዟል።

ወረቀቱን አነበበላቸው። አዋጁንም ጠቀሰ። እኔ ያስተማርኩትን ሁሉ ከእኔ አሳምሮ ተናገረው። ሽማግሌዎቹ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ በዕድሜ ትልቁ፣ ምርኩዙን መሬት ላይ አጋድሞ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ አለ። ወሬው ከአበባው ሰውዬ አፍ ወጣ፣ ደህና። ወደ ከተማው ከመድረሱ በፊት ግን መሐል ላይ በማን እጅ አለፈ? ወሬ እንደሆነ ብቻውን አይሄድም፣ እግር የለውም አለ።

ሰውዬው ወደ እኔ አላየም። ይህንን ልመሰክርለት ይገባል፤ በንቀት ብቻ ብተወው ውሸት ይሆናል። ወረቀቱን አጠፈ። ላሟ ታኝካለች። አክስቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሽማግሌዎቹን እንጂ እኔን አታይም። እኔ ልሸሽ ፈልጌ ነበር። ደግሞም የራሴ ፈገግታ ከሱቁ ተከትሎኝ መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

«በእኔ እጅ ነው ያለፈው» አልኩ።

አክስቴ ዞራ አየችኝ። አንብበኸው ነበር ወይ አለችኝ። እኔ ሞኙ ነገሩን የሚያቀልልኝ መስሎኝ ተሽቀዳደምኩ፤ አላነበብኩትም አዬ፣ በእውነት አላነበብኩትም፣ ሳላነብ ነው ያሳለፍኩት አልኳት። የሕግ ትምህርቴ እዚያም አልተወኝም፤ ካላነበብኩ አላወቅኩም፣ ካላወቅኩ አልበደልኩም ነው ነገሩ። ፊቷን ወደ ላሟ አዞረች።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩና ፈረዱ። ሰውዬው ጽሑፉን እዚያው፣ ፊታቸው ላይ ያጥፋ፤ ለጊፋታ ቤቱ የሚገባውን ቅቤ ሰው እያየው ከእሷ ይግዛ። እኔ ደግሞ እስከ ጊፋታ ባሉት የገበያ ቀናት አጠገቧ ተቀምጬ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ እጄ ያሳለፈውን በአፌ ልናገር። ሰውዬው ወዲያው አጠፋው። አንድ ጣት፣ አንድ ንክኪ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ጥበብ። ጽሑፉ ግን ጠፍቶም አልጠፋም፤ ሌሎች ወደየገጻቸው ወስደውት ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። አባባሉን ያወጣው ሰው የእኛን ዘመን ጣት ቢያይ ምን ሊል ነበር?

ሱቁን ለቀቅኩ። ሥራውም እንደጠበቅሁት ቀረ። ሦስት የገበያ ቀን ቅቤ ተራ፣ አጭር በርጩማ ላይ፣ ከአክስቴ በስተግራ ተቀመጥኩ። ልጣጩ ለላም ነው፣ ውሸቱን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። በአማርኛም በወላይትኛም። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ አሁንም ያሸታል። አክስቴ ቅቤ ትመዝናለች፣ ትጠቀልላለች፤ ለእኔ ውኃ ስትሰጠኝ እንኳን ዓይኗ ቅቤው ላይ ነው። እኔ ደግሞ የሆዷን አላውቅም። ስለ ሰሌዳው የተናደደች፣ ስለ ገበያዋ የተቆጣች ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ገበያ ለወንጌላዊው ቤት የምትገዛው ሴትዮ መጣች። የተናገርኩትን እስከ መጨረሻው ሰማች። ዘንቢሏን አስቀመጠች፤ አላሸተተችም። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ ይሄ ልጅ ያ ያስተማርሽው አይደለም ወይ፣ ምን ሆኖ ነው ብላ አክስቴን ጠየቀቻት።

አክስቴ ኮባውን እያጠፈች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ በቀስታ መለሰችላት።

«ቅቤ የሸጥኩት እንዲያነብ ነበር።»